«ኤሊየን» (1979)፦ አውሬውን አውሬ ያደረገው ሰው

ሌሊት_ተመልካች፦

ፊልሙን ያላያችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፤ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይነገራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጠፈር መርከብ ሠራተኞች መካከል ስለገባ ገዳይ አውሬ የሚተርከው ይህ የዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት ፊልም በተነሳ ቁጥር «የሚያስፈራው አውሬውን ስለማያሳየን ነው» የሚል አስተያየት ይሰማል። እውነትነት አለው። በ117 ደቂቃ ውስጥ ያደገው አውሬ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ነገር ግን መደበቅ ብቻውን አያስፈራም። የተደበቀው ነገር በመጨረሻ ብቅ ሲል ተመልካቹ «ይኸው ነው እንዴ?» ካለ ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የጠፈር አውሬዎች የወደቁት እዚህ ላይ ነው፤ ጎማ የለበሰ ሰው መሆናቸው ከትከሻቸውና ከአረማመዳቸው ያስታውቅ ነበር። የዚህኛው አያስታውቅም። እኔ እንደማምነው ምክንያቱ የአውሬውን ልብስ ለብሶ የተወነው ቦላጂ ባዴጆ ነው።

ባዴጆ በ1953 ሌጎስ የተወለደ ናይጄሪያዊ ነው። አባቱ የናይጄሪያን ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። ልጁ ለንደን ከመግባቱ በፊት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥም ኖሯል፤ ይህን የሚያውቅ የፊልም ወዳጅ በአገራችን እምብዛም አላጋጠመኝም። ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ አንድ የተዋናዮች ወኪል መጠጥ ቤት ውስጥ አየው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እጅና እግሩ ቀጫጭንና ረጃጅም ነበር። የፊልሙ ሰዎች የቸገራቸውም ይኸው ነበር፤ ተመልካቹ «እዚህ ውስጥ ሰው ሊኖር አይችልም» ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ ቁመና አጥተው ነበር።

ቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ እዚያው ባበቃ። ባዴጆ ታይ ቺ የተባለውን የቻይናውያን የዝግታ እንቅስቃሴና ድምፅ አልባ ትወና ተማረ። አውሬው ከመርከቧ ሠራተኞች አንዷን፣ ላምበርትን፣ የሚገድልበትን ትዕይንት እንደገና እዩት። አይሮጥም፣ አይዘልም። ባልደረባዋ ፓርከር ከፊቴ ገለል በዪ እያለ ይጮኻል፤ እሷ ግን ደርቃ ቀርታለች፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ሁሉ የእሱ እንደሆነ ያህል በዝግታ ይቀርባታል። ያ ዝግታ የተማረው ነው፤ በሰውነቱ የሠራው ሥራ ነው።

ጅራቱ ስለማያስቀምጠው በቀረጻ መካከል የሚያርፍበት ልዩ ዥዋዥዌ መሰል መቀመጫ ተሠርቶለት ነበር። የአውሬውን ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ መልበስ እንደማይችል፣ ሙቀቱም ከባድ እንደነበር ተናግሯል። ከዚያ በኋላ በሌላ ፊልም አልተወነም። ወደ ናይጄሪያ ተመለሰ፤ በ1992 በ39 ዓመቱ ሞተ።

እናንተስ? አውሬውን የሚያስፈራ ያደረገው ምንድን ነው ትላላችሁ?

ጥያቄ_አለኝ፦

ፊልሙን በቅርቡ ነው ያየሁት። ስለ ባዴጆ የጻፍከውን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ የሰጠኸው ይመስለኛል። ንድፉን ያወጣው ሌላ፣ ጭንቅላቱን የሠራው ሌላ፣ አደገኛ የሆኑትን ትዕይንቶች የተወኑት ደግሞ ኤዲ ፓወልና ሮይ ስካሜል ናቸው። አውሬው የመርከቧን ሠራተኛ ብሬትን ከላይ ወርዶ ሲወስደው የምናየው ባዴጆን አይደለም። ታዲያ «አውሬው እሱ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል?

ሌላው፣ ፊልሙ ይዘገያል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ አንድም ሰው አይናገርም። ባዶ መተላለፊያ፣ ባዶ ወንበር፣ በራሱ የሚበራ ኮምፒውተር እናያለን። የእኔ ዘመን ተመልካች ይህን ሁሉ ለምን ይታገሣል?

ቀለም_ቤት፦

ሁለታችሁም የረሳችሁት ሰው አለ፤ ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ሃንስ ሩዶልፍ ጊገር።

የፊልሙ ደራሲ ዳን ኦባነን ጊገርን ያወቀው ፓሪስ ውስጥ ለሌላ ፊልም ዝግጅት ሄዶ ነው። ያ ፊልም ሳይሠራ ቀረ፤ ኦባነንም ባዶ እጁን ተመልሶ በጓደኛው በሮናልድ ሹሴት ቤት ሶፋ ላይ እያደረ ይህን ታሪክ ጻፈ። የሠዓሊው ሥራ ግን ከአእምሮው አልወጣም ነበር። ስኮት በኋላ የጊገርን የሥዕል መጽሐፍ ሲገልጥ በ1976 የተሣለውን «ኔክሮኖም 4» አየ፤ አውሬውም ተገኘ። ረጅሙ ጭንቅላት፣ አጥንት ይሁን ቱቦ የማይለየው ገላ፣ ሁሉም ቀድሞ ሥዕሉ ላይ አለ።

ጊገር ንድፍ ሰጥቶ የሄደ ሰው አይደለም። ለንደን አጠገብ ባለው የሼፐርተን ስቱዲዮ ገብቶ አውሬውን በገዛ እጁ ቀረጸው። ለመቅረጫ በሚሆን ጭቃ መሰል ነገር ላይ የእባብ የጀርባ አጥንትና የሮልስ ሮይስ መኪና ቱቦዎችን እየሰካ ሠራው። ብርሃን በሚያሳልፈው የራስ ቅል ሽፋን ስር ከፊት በኩል የሰው ራስ ቅል አለ፤ አተኩሮ ላየ በአንዳንድ ትዕይንቶች ይታያል። ዓይን እንዳይኖረው ያደረገውም ሆን ብሎ ነው። ዓይን ያለው አውሬ ወዴት እንደሚያይ ታውቃለህ፤ ይህኛው ግን አይቶህ ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ የለም። መንጋጋውንና ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ የሠራው ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ 900 ያህል ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነበሩ። ሁለቱም ከሌሎች ሦስት ባለሙያዎች ጋር የ1980ውን የእይታ ውጤቶች ኦስካር ተሸልመዋል።

የመጨረሻውን ትዕይንት አስቡት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሪፕሊ በትንሿ መንኮራኩር ሸሽታለች፤ አበቃ ብላለች፤ ልብሷን አውልቃ ለእንቅልፍ እየተዘጋጀች ነው። አውሬው ግን ከፊቷ ግድግዳው ላይ ተኝቷል፤ እኛም እያየነው አላየነውም፤ ቱቦ መስሎናል። እጁ ሲዘረጋ ነው ግድግዳው ሕይወት እንዳለው የምናውቀው። እንደ ሠዓሊ የምናገረው፣ ይህ የንድፍ ድል ነው። አውሬው ከጠፈር የመጣ ሳይሆን ከመርከቧ የበቀለ ይመስላል።

ሌሊት_ተመልካች፦

ቀለም ቤት፣ ጊገርን አልረሳሁትም፤ ንድፉ ከሌለ ምንም የለም። ነገር ግን የጠቀስከው ትዕይንት ራሱ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ጊገር ቅርጹን ሰጠ፤ ያ ረጅም ክንድ ከግድግዳው ሲላቀቅ የሚያሳየው ስንፍና መሰል እንቅልፋምነት ግን ከንድፍ አይገኝም።

ጥያቄ አለኝ፣ ስለ ዝግታው ላነሣኸው፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መርከቧን ያስተምሩሃል። በኋላ ብሬት ድመቷን ፍለጋ ወደዚያ ሰፊ ክፍል ሲገባ፣ ሰንሰለቶቹ ሲንቋቁ፣ ከላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ ቆቡን አውልቆ በፊቱ ሲቀበል፣ ቦታውን ቀድመህ ስለምታውቀው ነው የምትጨነቀው። ያደገውን አውሬ ገና አላየኸውም፤ አንተ ግን ወንበርህን ይዘሃል።

ሞተር_ክፍል፦

የባሕር መሐንዲስ ነኝ፤ በጭነት መርከብ ማሽን ክፍል ነው የምሠራው። ይህን ፊልም እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው።

የፊልሙ መርከብ ኖስትሮሞ የጦር መርከብ አይደለችም። 20 ሚሊዮን ቶን የማዕድን ጭነት እየጎተተች ወደ ምድር የምትመለስ የጭነት መርከብ ናት፤ ሠራተኞቿም ሰባት ብቻ ናቸው። ከእንቅልፍ ነቅተው ገበታ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያው ከባድ ወሬ ስለ ገንዘብ ነው። ፓርከርና ብሬት ከታች የሚሠሩት ናቸው፤ ድርሻቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ያንን ያነሣሉ፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ያልፉታል። ሪፕሊ ወደ ታች ስትወርድ እንፋሎቱ እየጮኸ መነጋገር አይቻልም። ይህን የጻፈ ሰው ማሽን ክፍል ገብቶ ያውቃል እላለሁ። ድልድይ ላይ ያለው መኮንንና ከታች ያለው መሐንዲስ አንድ መርከብ ላይ ሆነው ሁለት ዓለም እንደሚኖሩ ያወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መርከቧ መንገዷን የቀየረችው ምልክት ስለተሰማ ነው። ፓርከር «እኛ የንግድ መርከብ ነን፤ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ይላል። የመርከቧ የሳይንስ መኮንን አሽ ውሉን ያስታውሰዋል፤ ምልክት ሰምቶ ያልመረመረ ድርሻውን በሙሉ ያጣል። በእኛ ባሕር ላይ ሕጉ ሌላ ነው። «ሶላስ» በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የመርከብ አዛዥ የጭንቅ ጥሪ ከሰማ በተቻለው ፍጥነት ሊረዳ ይገደዳል፤ ግዴታው ከሰው ሕይወት የመጣ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያው ግዴታ ወደ ደመወዝ ቅጣት ተለውጧል። ቆይቶም እናውቃለን፤ ኩባንያው ከመጀመሪያው የፈለገው ፍጡሩን ነው፤ ሠራተኞቹ ቢጠፉም ግድ የለውም። አሽ ሮቦት ነው፤ የተቀመጠው ይህን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም ነው።

ስለዚህ አውሬውን የሚያስፈራ ያደረገው ማን ነው ለሚለው መልሴ ይህ ነው። አውሬው እንደ ተፈጥሮው ይገድላል፤ በሩን የከፈተለት ግን ውል ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ መርከብ ላይ ደመወዛችን ለወራት ሳይከፈል በሰው ወደብ ታግተን ስንጠብቅ አሳልፈናል። ስልክ ስንደውል የሚመልስልን ድምፅ ትሑትና ረጋ ያለ ነበር። አሽ እንደዚያ ነው የሚናገረው፤ ለዚህ ነው ከአውሬው ይልቅ እሱን የምጠላው።

ቀለም_ቤት፦

ሞተር ክፍል፣ ይህን ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፓርከርን የተወነው ያፌት ኮቶ ነው፤ አባቱ ካሜሩናዊ ናቸው። ከአውሬው ጋር እጅ ለእጅ ለመግጠም የሚሄደው እሱ ብቻ መሆኑን ልብ ብለሃል? ላምበርትን ትቶ መሸሽ ይችል ነበር።

የሰብል_ሐኪም፦

ልጆቼ፣ ሥራዬ ሰብል ጥበቃ ነው። ሰዎች ፊልሙን ሲያዩ «ይህን የመሰለ ክፉ ነገር ማን አሰበው?» ይላሉ። ነገሩ ግን ማሳ ላይ በየቀኑ ይፈጸማል።

በ2017 ወደ አገራችን የገባውን መጤ ተምች ታውቁታላችሁ፤ በቆሎውን እምብርቱ ውስጥ ገብቶ የሚጨርሰውን። ይህን ተምች የምታጠቃ ኮቴሲያ የምትባል በጣም ትንሽ ጥገኛ ተርብ አለች። እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ ጋር የሚገባ ቫይረስ የትሉን የመከላከያ ኃይል ያዳክመዋል፤ ትሉ ግን አይሞትም፤ መብላቱን ይቀጥላል። ውስጡ ያለው እጭ በስሎ ሲያበቃ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና አጠገቡ ነጭ ሽፋን ፈትሎ ይተኛል። ተምቹ እንደ ገባ በኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጡት ትሎች በዚህች ተርብ ተይዘው ተገኝተዋል። ለገበሬው በረከት ናት፤ ለትሉ ግን ኬን የተባለው የመርከቡ ሠራተኛ ገበታ ላይ ፍጡሩ ደረቱን ቀዶ ሲወጣ የደረሰበት ነው የሚደርስበት።

ዳርዊን እንኳ በ1860 ለእጽዋት ተመራማሪው ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ እንዲህ ያሉትን ተርቦች አስቦ ፈጥሯል ብሎ ለማመን እንደሚቸግረው ገልጿል። እኔ በእምነቴ ከእሱ ጋር አልስማማም፤ ድንጋጤው ግን ይገባኛል። አንድ ማሠሮ ውስጥ ያቆየሁት ትል ጎኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ትሉ ራሱ ቅጠል እያኘከ ሳለ፣ አብረውኝ የነበሩ ወጣት ባለሙያዎች ፊታቸውን አዙረዋል።

የፊልሙ ደራሲዎች ይህን ማወቃቸው ነው ብልህነታቸው። አውሬው ክፉ አይደለም። ቂም የለውም፣ ዓለምን መግዛት አይፈልግም። የሕይወት ዑደቱን ይፈጽማል። ደሙ አሲድ መሆኑም የተፈጥሮ ሥርዓት አለው፤ ብትወጉት መርከባችሁ ትበሳለች፤ ስለዚህ ልትገድሉት አትችሉም። ብዙ ነፍሳት በዚሁ መንገድ ነው የሚጠበቁት፤ የሚበላቸው መርዛቸውን አብሮ ይበላል።

ጥያቄ_አለኝ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ይህን ካነበብኩ በኋላ የገበታውን ትዕይንት እንደገና ከፍቼ አየሁት። ተዋናዮቹ ምን እንደሚሆን አያውቁም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ሌሊት_ተመልካች፦

በከፊል። ስክሪፕቱን አንብበዋል፤ ፍጡሩ ከኬን ደረት እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። ያልተነገራቸው የደሙ መጠንና ኃይል ነው። ኬንን የተወነው ጆን ኸርት ከገበታው በታች ተኝቶ ራሱና እጆቹ ብቻ ከላይ ነበሩ፤ ደረቱ ሰው ሠራሽ ሲሆን ውስጡ ከሉካንዳ በመጣ የእንስሳት ሆድ ዕቃ ተሞልቶ ነበር። የካሜራ ሠራተኞቹ ፕላስቲክ ለብሰው ሲጠብቁ ተዋናዮቹ ገቡ። ላምበርትን በተወነችው በቬሮኒካ ካርትራይት ፊት ላይ የተረጨው ደምና የእሷ ጩኸት እውነተኛ ድንጋጤ ነው።

በዚህ ላይ መጨመር የምፈልገው አለ፤ ኦባነን ራሱ ክሮንስ በሚባል የአንጀት ሕመም ለረጅም ዓመታት ተሠቃይቷል። ከውስጥ የሚቦጭቅ ነገር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነርስ፦

ይህን ውይይት ሳነብ ቆይቼ አሁን ለመጻፍ ተገደድኩ። ቦላጂ ባዴጆን የገደለው ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ነው። እኔ የምሠራው በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው።

ቀዩ የደም ሕዋስ ክብ መሆኑ ይቀርና እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ይደርቃል፤ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። ሕመሙ ሲነሣ አጥንት ውስጥ ነው የሚሰማው። የውኃ ጥም፣ ብርቱ ድካም፣ ሙቀትና ብርድ ሊቀሰቅሱት ስለሚችሉ ታካሚዎቻችንን ሁልጊዜ የምንመክራቸው ከእነዚህ እንዲጠበቁ ነው። ከወላጆች የሚወረስ በመሆኑ ባዴጆ ያንን ልብስ ሲለብስ ሕመሙ አብሮት ነበር። ቀረጻው ጎድቶታል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሌሊት ተመልካች ስለ ሙቀቱና ስለ 15 ደቂቃው የጻፈውን ሳነብ፣ ውኃ ውኃ የሚሉት ልጆቻችን ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት።

ጥያቄ አለኝ፣ «ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ» ብለሃል። እኔ ደግሞ የሚገባውን ገና አላገኘም ባይ ነኝ። ሪፕሊን የተወነችውን ሲጎርኒ ዊቨርን ዓለም ያውቃታል፤ ሲገባትም ነው። ጊገር በአገሩ ሙዚየም አለው። ባዴጆ ግን በፊልሙ ማብቂያ ላይ በሚያልፈው ዝርዝር «ኤሊየን» ከሚለው ቃል ጎን ስሙ ተጽፎ ቀርቷል፤ ፊቱን ማንም አላየውም።

ሞተር_ክፍል፦

እህቴ፣ አምላክ ብርታቱን ይስጥሽ። ከማሽን ክፍል የምንወጣ ሰዎች ይህን ስሜት እናውቀዋለን።

እናት_ነኝ፦

ይቅርታ፣ ውይይታችሁን ላቋርጥ። የ13 ዓመት ልጄ ይህን ፊልም ካላየሁ ብሎ ያስቸግረኛል። በትምህርት ቤት ጓደኞቹ አይተውታል መሰለኝ። ላሳየው?

ሌሊት_ተመልካች፦

እህቴ፣ እኔ ብሆን አላሳየውም። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይገባ ተደርጎ ነው የወጣው፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በወቅቱ ለአዋቂዎች ብቻ ነበር። ደም ስላለበት ብቻ አይደለም። የኬን ፊት ላይ ተጣብቆ እጩን በግድ ውስጡ የሚያስገባው ፍጡር የሚያደርገው ነገር የመደፈር ምስል ነው፤ ኦባነንም በተለይ ወንድ ተመልካቾችን በዚህ ሊያስጨንቅ እንደፈለገ ተናግሯል። ልጅሽ ይህን በቃል ባይረዳው እንኳ ይሰማዋል። ከአራት ዓመት በኋላ አብረሽው እዪው፤ እስከዚያ የሰብል ሐኪሙ የጻፉትን ስለ ተርቧ አስነብቢው፤ ይወደዋል።

እናት_ነኝ፦

አመሰግናለሁ። ተርቧን ዛሬ ማታ አነብለታለሁ።

ጥያቄ_አለኝ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። ሁለት ዓይነት ቅጂ አለ፤ የ1979ውና በ2003 እንደገና የተስተካከለው። ለጓደኞቼ የትኛውን ላሳያቸው?

ሌሊት_ተመልካች፦

የ1979ውን። የ2003ቱ በአንድ ደቂቃ ያህል ያጥራል፤ ነገር ግን ቀድሞ የተቆረጠ ትዕይንት ገብቶበታል። ሪፕሊ ስትሸሽ የመርከቧን አዛዥ ዳላስን በግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ ብሬትን ደግሞ ወደ እንቁላል እየተለወጠ ታገኛቸዋለች። ዳላስ እንድትገድለው ይለምናታል። ትዕይንቱ በራሱ አስፈሪ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱ እየቆጠረ፣ መርከቧ ልትፈነዳ ሳለ ቆመን እንድናዝን ያደርገናል፤ ሩጫው ይሰበራል። ስኮት መጀመሪያ ቆርጦ ያወጣው ለዚህ ነው።

የሰብል_ሐኪም፦

እኔም የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። የተያዘው ተመልሶ እንቁላል የሚሆንበት ነፍሳት እኔ አላውቅም። እንቁላል፣ እጭ፣ ያደገ አውሬ፦ ይህን ዑደት ማሳ ላይ ስላየሁት አምነዋለሁ። ሰው ወደ እንቁላል ሲለወጥ ግን ተረት ውስጥ ገባሁ እላለሁ፤ ፍርሃቱም ይቀንስብኛል።

ቀለም_ቤት፦

እኔ የ2003ቱን ነው የምመርጠው፤ የጊገርን ግድግዳ በቅርብ የምናይበት ስለሆነ። ጥያቄ አለኝ፣ ሁለቱንም አሳያቸውና ምን እንዳሉህ እዚሁ ጻፍልን።